በጸሎት መካከል በር ሲንኳኳ



በጥናት ክበባችን ስለ ጸሎት መወያየት ከጀመርን ወዲህ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይቀርባል። ጥያቄው «እንዴት እንጸልይ?» የሚል አይደለም። አቡነ ዘበሰማያትንና ሰላም ለኪን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል፤ መቁጠሪያውንም በቃላችን እናውቃለን። የሚያስቸግረን ሌላ ነው። «ጀምሬ ሳልጨርስ ብጠራስ? ቃሉ ከአፌ እየወጣ ሐሳቤ ገበያ ለገበያ ቢዞርስ? እግዚአብሔር ያን ጸሎት ይቀበለዋል ወይ?» እንላለን። ከመካከላችን ለዚህ መልስ በማጣት ጸሎቱን ራሱን እስከ መተው የደረስን አለን። «ልቤ ከሌለበት ምን ዋጋ አለው» ብለን መቁጠሪያውን ከትራስ ሥር ሸጉጠን ከርመናል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ዐዋቂዎች ሆነን ለማስተማር ሳይሆን እኛው የወደቅንበትን ለማሳየት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ አንዲት የክበባችን እኅት የነገረችንን በፈቃዷ እናቅርብ። የመቁጠሪያው ወር በገባ ጊዜ ይህች እኅታችን ወሩን ሙሉ በየምሽቱ አምስቱን ምሥጢራት ሳታቋርጥ ለመድገም ለራሷ ቃል ገባች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምሽት፣ ሦስተኛውን ምሥጢር በመጨረስ ላይ ሳለች የግቢው በር ተንኳኳ። የጎረቤታቸው የእትዬ ድምፅ ነበር። «የኔ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ብቅ በዪልኝ!» አሉ። ሰምታለች። ነገር ግን የቀሯት ሁለት ምሥጢራት ብቻ ስለ ነበሩ «ስጨርስ እወጣለሁ፤ እግዚአብሔር ይቀድማል» አለች በልቧ። ሁለት ጊዜ ደግመው ተጣሩ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ጨርሳ መቁጠሪያዋን እንደ ያዘች ስትወጣ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ለካ የሴትዮዋ የልጅ ልጅ በትኩሳት ተንቀጥቅጦ ራሱን ስቶ ኖሯል። ረዳት ሰው ቢያጡ ልጁን አዝለው በዚያ ጨለማ ቁልቁለቱን ብቻቸውን ወርደው አስፋልቱ ዳር መኪና ሲለምኑ ነበር።

ልጁ ድኗል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በማግሥቱ እትዬ እኅታችንን ሲያገኟት ግን አልተቆጧትም። «ተኝተሽ መስሎኝ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ» አሏት። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል መቁጠሪያውን በእጇ መያዝ አልሆነላትም።

ይህን ስንሰማ ክበቡ ጸጥ አለ። ምክንያቱም ብዙዎቻችን በእርሷ ቦታ ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። እንዲያውም አንዳንዶቻችን «ፈተናውን ድል አደረግሁ» ብለን እንደሰት ነበር።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን መለየት እንዳለብን የገባን ከዚህ ታሪክ ነው። ከውጭ መጥቶ ጸሎታችንን የሚያቋርጥ ነገር አለ፤ ከውስጣችን ተነሥቶ ልባችንን የሚበትን ሐሳብም አለ። እኛ ሁለቱንም በአንድ ስም «የሰይጣን ፈተና» ስለምንላቸው፣ ልንነሣለት የሚገባውን እንዘጋዋለን፤ ልንመልሰው የሚገባውን ደግሞ እንከተለዋለን።

ስለ መጀመሪያው ጌታችን ራሱ ምን እንዳደረገ እንመልከት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ቁጥር 35 ላይ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ ይጸልይ እንደ ነበር እናነባለን። ስምዖንና ጓደኞቹ ተከትለው አገኙትና ሰዎች እንደሚፈልጉት ነገሩት። አልገሠጻቸውም፤ ተነሥቶ ወደ ሥራው ሄደ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የሄደው እነርሱ ወደ ፈለጉት ቦታ ሳይሆን ወደ ሌሎቹ መንደሮች ነው። ስለዚህ የጠራን ሁሉ እንደ ፈለገ ይጎትተናል ማለት አይደለም። በምዕራፍ 6 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱን ለብቻቸው ሊያሳርፍ ቢወስዳቸው ሕዝቡ ቀድሞ ደርሶ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ አዘነላቸው እንጂ አልተቆጣም።

የፈረንሳዩ ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል (1581 – 1660) ይህን ትምህርት ለእኅቶች ማኅበር በግልጽ አስተምሮታል። ከቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ ጋር በ1633 የመሠረታቸው የፍቅር ሥራ ልጆች ከገዳም ግቢ ወጥተው በሽተኞችን በየቤታቸው የሚያስታምሙ ነበሩ። ታዲያ በጸሎት ሰዓት ለድኻ መድኃኒት ማድረስ ቢያስፈልግ ምን እናድርግ? ለሚለው ጥያቄ፣ ሳይጨነቁ ተነሥተው እንዲሄዱ ነገራቸው፤ እግዚአብሔርን ትቶ ወደ እግዚአብሔር መሄድ ነውና። በ1839 ወደ አገራችን የመጡት፣ እኛ አቡነ ያዕቆብ የምንላቸው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም የዚሁ የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር ልጅ ናቸው። በ1975 ቅድስናቸው የታወጀላቸው እኚህ አባት ለእኛ ቤተሰብ ስለሆኑ ይህ ትምህርት ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ስለ ቅድስት ፍራንቼስካ ዘሮማ (1384 – 1440) ሲነገር የኖረ አንድ ታሪክም አለ። ባለ ትዳርና የልጆች እናት ነበረች። የእመቤታችንን የሰዓታት ጸሎት ስትደግም በአንድ ጥቅስ ላይ አራት ጊዜ ተጠርታ፣ አራት ጊዜም ሳታጉረመርም ሄዳ ተመለሰች። በመጨረሻ መጽሐፏን ብትገልጥ ያ ጥቅስ በወርቅ ተጽፎ አገኘችው ይባላል። እናቶቻችን ይህን ታሪክ ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ምክንያቱም በቤታችን ከማንም ይልቅ ጸሎታቸው የሚቋረጠው የእነርሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የምናቋርጣቸው እኛ ነን።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ድምፅ የእግዚአብሔር ጥሪ ነው ማለት አይደለም። አንድ ወንድማችን የቅዱስ ቪንሰንትን ትምህርት ከሰማ በኋላ ስልኩ በጮኸ ቁጥር መነሣት ጀመረ። «ማን ያውቃል፣ የተቸገረ ቢሆንስ?» ይል ነበር። ስንመረምረው ግን የተቸገረ ሰው የደወለለት አንድ ቀን እንኳ አልነበረም፤ የኳስ ውጤት የሚነግሩት ጓደኞቹ ነበሩ። እርሱም ሳቀ፣ እኛም ሳቅን። እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ አሁን ባልነሣ የሚጎዳ ሰው አለ ወይ? ካለ እንነሣለን። ከሌለ ነገሩ ሩብ ሰዓት ይታገሣል። ስልኩን ዘግቶ በሌላ ክፍል መተው፣ ለቤተሰብም «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት እጸልያለሁ፤ የሚያስቸኩል ነገር ከመጣ ግን ጥሩኝ» ብሎ አስቀድሞ መንገር ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። የመጨረሻዋ ሐረግ እንዳትረሳ።

በቅዳሴ ጊዜ የሚሰማ ረብሻም አለ። ሕፃን ሲያለቅስ አንገታችንን አዙረን እናቲቱን እስክታፍር ድረስ የምናፈጥባት እኛ ወጣቶች ነን። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2014 በሲስቲን ጸሎት ቤት ሕፃናትን ሲያጠምቁ፣ ልጆቻቸው የራባቸው እናቶች ሳይሳቀቁ እዚያው እንዲያጠቧቸው ነግረዋቸዋል። የሊዝየዋ ቅድስት ተሬዛ (1873 – 1897) ደግሞ በገዳሟ በማታ ጸሎት ጊዜ ከኋላዋ የምትቀመጥ አንዲት እኅት ሁለት ዛጎሎች ሲፋተጉ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ታሰማ እንደ ነበር ጽፋለች። ዞራ በማየት ልታሳፍራት ፈለገች፤ ነገር ግን ተወችው። ከመታገሥ ብዛት ላብ ያጠምቃት ነበር። በመጨረሻ ድምፁን ላለመስማት መታገሏን ትታ፣ እንደ ጥሩ ዜማ በጥንቃቄ እያዳመጠች ለኢየሱስ ታቀርበው ጀመር። ቅድስት ብትሆንም ላብ እንዳጠመቃት መጻፏ ለእኛ ትልቅ መጽናኛ ነው።

አሁን ወደ ውስጡ ችግር እንግባ። ይህኛው ይበልጥ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም በሩ ቢቆለፍም ይገባል።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 15 አብራም መሥዋዕቱን አዘጋጅቶ ሲጠብቅ አሞሮች በሥጋው ላይ ወረዱ፤ እርሱም አባረራቸው። አሞራ መጣ ብሎ መሥዋዕቱን አልተወም፤ አሞራውንም እስከ ጎጆው ድረስ አላሳደደም። ገጠር ያደግን ልጆች ይህን በደንብ እናውቀዋለን። ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥተን ወንጭፍ ይዘን ወፍ እንጠብቅ ነበር። ወፉ መምጣቱ የጠባቂው ጥፋት አይደለም፤ እህል ባለበት ወፍ ይመጣል። ጥፋቱ ሁለት ነው፤ አንዱ ማማው ላይ መተኛት፣ ሌላው አንዷን ወፍ በንዴት እያሳደዱ ከማሳው መውጣት ነው። በዚያን ጊዜ የቀረው መንጋ ማሳውን ያራግፈዋል።

በጸሎታችን ብዙ ጊዜ የሚደርስብን ሁለተኛው ነው። «ለምን ይህን አሰብኩ? እኔ እንዴት ያለሁ ኃጢአተኛ ነኝ!» እያልን ስንበሳጭ ሌላ አምስት ሰላም ለኪ ያልፈናል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2729 የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ሐሳቦቹን ማሳደድ በወጥመዳቸው መግባት ነው፤ የሚያስፈልገው ወደ ልባችን መመለስ ብቻ ነው። ደግሞም የሚበትነን ሐሳብ ልባችን ምን ላይ እንደ ተጣበቀ ያሳየናል ይላል። ይህ ነጥብ በክበባችን ብዙ አነጋግሮናል። አንዱ ወንድማችን ሁልጊዜ በጸሎቱ መካከል የሚመጣበት ከታላቅ ወንድሙ ጋር የተጣላበት የገንዘብ ነገር ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሲያባርረው ኖሯል። በኋላ ግን ሐሳቡን ራሱን ጸሎት አድርጎ «ጌታ ሆይ፣ ይኸውልህ፤ ከወንድሜ ጋር ያለኝ ነገር ይህ ነው» ብሎ ማቅረብ ጀመረ። እስካሁን አልታረቁም። ግን ባለፈው በዓል ደውሎለታል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ (1225 – 1274) ጸሎት በሐሳብ መሰብሰብ ይፈልጋል ወይ? ብሎ በሱማ ቴዎሎጊካ መጽሐፉ ጠይቋል። ሦስት ዓይነት መሰብሰብ እንዳለም ያስረዳል፤ ቃሉ እንዳይሳሳት መጠንቀቅ፣ የቃሉን ትርጉም ማሰብ፣ ወደ እግዚአብሔርና ወደምንለምነው ነገር ማቅናት። ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው፤ ይህንንም ያልተማረ ሰው እንኳ ሊያደርገው ይችላል። የሰው ልቡና ደካማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሊቆይ እንደማይችልም ይናገራል። ሳንፈልግ የሄደ ሐሳብ የጸሎቱን ዋጋ አያጠፋውም፤ በፈቃዳችን ስንከተለው ግን ኃጢአት ይሆናል፣ የጸሎቱንም ፍሬ ያስቀራል። ለቅሶ ለመድረስ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር ቢያስብ እግሩ ወደ ለቅሶው ቤት መሄዱን አይተውም። መንገድ ዳር ጠላ ቤት ገብቶ ከቀረ ግን ሌላ ነገር ነው።

ታላቋ የጸሎት መምህርት የአቪላዋ ቅድስት ተሬዛ (1515 – 1582) እንኳ ለዓመታት በጸሎት ሰዓት ከጸሎቱ ይልቅ ሰዓቱ እስኪደወል ትጠባበቅ እንደ ነበር በሕይወት ታሪኳ ሳትደብቅ ጽፋለች። መጽሐፍ ሳትይዝ ለጸሎት ለመቅረብ ትፈራ ነበር፤ መጽሐፉ እንደ ጋሻ ሆኖ ሐሳቧን ይሰበስብላት ነበርና። በ1970 የቤተ ክርስቲያን መምህርት ተብላ የታወጀችው ይህቺው ሴት ናት። እኛም ሐሳባችን ሲበታተን የወንጌል ገጽ ገልጠን ብንይዝ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሌላው የረዳን በ2002 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ስለ መቁጠሪያው በጻፉት መልእክት የመከሩት ነው፤ ምሥጢሩ ከተነገረ በኋላ ወዲያው ወደ ጸሎቱ ከመቸኮል ጥቂት ዝም ብሎ ምሥጢሩን በልብ መያዝ። ስንሞክረው መጀመሪያ ላይ ዝምታው ራሱ ከባድ ነበር። አሁን ግን ከመቁጠሪያው ሁሉ የምንወደው እርሱን ሆኗል።

ወደ እኅታችን እንመለስ። ከሁለት ወር በኋላ ንስሐ ገብታ፣ ለእትዬም እውነቱን ነግራ መቁጠሪያዋን አንሥታለች። እትዬ ምን እንዳሏት አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም። አሁን የምትጸልየው በረንዳው ላይ፣ የግቢው በር በሚታይበት ቦታ በርጩማ አስቀምጣ ነው። ባለፈው ሳምንት በአራተኛው ምሥጢር ላይ ሳለች እትዬ ዓይናቸው ስለ ደከመ የመድኃኒቱን ወረቀት እንድታነብላቸው ጠሯት፤ ሄዳ አንብባ፣ ለልጁም ኪኒኑን ሰጥታ ተመለሰች። ከየትኛው ፍሬ ላይ እንዳቆመች ግን ጠፋባት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን «እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምር ነበር ወይ?» ብላ ጠየቀቻቸው። አባም መቁጠሪያን በመድገም የሚገኘውን ሙሉ የቅጣት ስርየት ለማግኘት አምስቱ ምሥጢራት ሳይቋረጡ መደገም እንዳለባቸው፣ ይህ ግን ስለዚያ ስርየት የተሠራ ደንብ እንጂ የተቋረጠ መቁጠሪያ ከንቱ ነው ማለት እንዳልሆነ አስረዷት።

«እሺ አባ፣ ታዲያ ከየት ልቀጥል?» አለቻቸው።

«ስትመለሺ ጣትሽ ካረፈበት» አሏት።