ከሕመሙ በኋላ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብባችሁ ከሥሩ ለቀረቡት ጥያቄዎች መልስ ስጡ።

ማዮ ከካርቱም በስተደቡብ የሚገኝ የተፈናቃዮች ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነትና በተከታዮቹ ዓመታት በደረሰው ድርቅ ምክንያት ከዛሬዋ ደቡብ ሱዳን፣ ከኑባ ተራሮችና ከዳርፉር የተሰደዱ ሰዎች ሠፍረውበታል። ወንዶቹ በቀን ሥራ፣ ሴቶቹም ሻይ በመሸጥና በመሰል ሥራ ይተዳደሩ ነበር። እንዲህ ባለ ሠፈር የቤተሰብ እንጀራ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰው ጉልበት ላይ የቆመ ነው። ያ ጉልበት በአንድ ጀምበር ቢከዳስ?

ስትሮክ የሚያደርሰው ይህንኑ ነው። ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ፣ ደም ያጣው የአንጎል ክፍል ይሞታል። የአንጎል ግራ ክፍል ሲጎዳ ቀኝ እጅና እግር ይዝላሉ፤ ብዙ ጊዜም አንደበት ይታሰራል። ሕመሙ የሽማግሌዎች ብቻ ይመስላል እንጂ በአፍሪካ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉትን ጭምር በብዛት ያጠቃል። ከዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ሳይታወቅና ሳይታከም የሚቆይ የደም ግፊት ነው።

ሐኪም ነፍስን ካተረፈ በኋላ ሌላው ድካም ይጀምራል። መንቀሳቀስ የተሳነው በሽተኛ በየጥቂት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል፤ መዋጥ ላቃተው ሰው የሚሰጥ ውኃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ የታጠፈ እጅም በየዕለቱ ካልተዘረጋ እንደታጠፈ ይቀራል። ማጉረስ የፍቅር ምልክት ነው፤ ሆኖም ማንኪያውን ራሱ እስኪያነሣ መታገሥ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ በኋላ ያስፋፋው ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ ይህን የመሰለውን እንክብካቤ ለቤተሰብና ለጎረቤት የሚያስተምር ነው። በኢትዮጵያም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ አሠራር ሠርቷል።

የጎረቤት ደግነት ግን የቤት ኪራይ አይከፍልም። በኢትዮጵያ በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ፣ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በጤና ጉድለት ሥራውን ለተወ ሠራተኛ ዕድሜ ልኩን አበል እንዲከፈለው ደንግጎ ነበር። ስሙ በደመወዝ መዝገብ የሌለ የቀን ሠራተኛ ግን ከዚህ ውጭ ነው። በማዮም ኢመርጀንሲ የተባለው የኢጣልያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 የከፈተው ጣቢያ ለሕፃናት የታሰበ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ፤ መድኃኒትም ጠፋ። የደም ግፊት ክኒን ደግሞ በየቀኑ የሚዋጥ እንጂ ሰላም እስኪወርድ የሚቆይ አይደለም።

ጥያቄዎች

1. በሽተኛውን ሁልጊዜ ማጉረስ የማይመከረው ለምንድን ነው?
2. «አንደበት ይታሰራል» የሚለው አነጋገር በምንባቡ ውስጥ ምን ማለት ነው?
3. የመንግሥት ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ በዚህ ሕመም ቢያዙ የቤተሰቦቻቸው ኑሮ በምን ይለያያል? በአንድ አንቀጽ ጻፉ።