«አራት እጥፍ» ሲባል የስንት አራት እጥፍ?

በዚህ ወር የጥናት አምድ የማቀርብላችሁ እኔው ራሴ የተሳሳትኩበትን ነገር ነው።

በ2021 መጨረሻ ታላቅ እህቴ የስድስት ወር እርጉዝ ሳለች ኮቪድ ያዛት። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነበርኩ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ያን ሰሞን ያወጣውን ጥናት አየት አድርጌ ደወልኩላትና «በዴልታ ጊዜ ሕፃን ሞቶ የመወለዱ አደጋ አራት እጥፍ ሆኗል» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ «የስንት አራት እጥፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ በኋላ ነገረችኝ።

ተመልሼ በደንብ አነበብኩት። ጥናቱ ከማርች 2020 እስከ ሴፕቴምበር 2021 በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተመዘገቡ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ወሊዶችን ያየ ነው። በዴልታ ጊዜ ሞተው የተወለዱት ኮቪድ ካለባቸው እናቶች 2.70 በመቶ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 0.63 በመቶ ነበሩ። ከ1,000 ወሊድ 27 እና 6 ገደማ ማለት ነው። አራት እጥፍ መሆኑ እውነት ነው፤ 973ቱ ከዚህ አደጋ ማምለጣቸውም እውነት ነው። እኔ ለእህቴ የነገርኳት ግማሹን ብቻ ነበር።

ሌላም ስህተት ነበረብኝ። ጥናቱ የቆጠረው ለመውለድ ሆስፒታል በገቡበት ጊዜ ኮቪድ የተመዘገበባቸውን እናቶች ነው። እህቴ ግን ለመውለድ ሦስት ወር ይቀራት ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳለ ለእሷ የሚሠራ አልነበረም።

አደጋው ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። እርግዝና ሲገፋ ማኅፀን ሳንባን ከታች ወደ ላይ ይገፋል፤ የኦክስጅን ፍላጎት ይጨምራል፤ ደምም በቀላሉ ይረጋል። ቫይረሱ አልፎ አልፎ የእንግዴ ልጁን ራሱን ይጎዳል። በ2020 ሲዲሲ ባወጣው ሌላ ጥናት የኮቪድ ምልክት ከታየባቸው 1,000 እርጉዞች 10.5ቱ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ፣ እርጉዝ ካልሆኑት የገቡት 3.9 ነበሩ። በአሜሪካ የእናቶች ሞት በ2019 ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት 20.1 የነበረው በ2021 ወደ 32.9 ወጣ። እኛም በምንመደብበት በጥቁር እናቶች ዘንድ 69.9 ደረሰ። ሲዲሲ በኦገስት 2021 እርጉዞች እንዲከተቡ በግልጽ የመከረው ያለ ምክንያት አልነበረም።

እንግዲህ የጤና ጥናት ስታነቡ፣ በተለይም ለቤተሰብ ከመናገራችሁ በፊት፣ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁ፦

1. ከስንት ስንት?
2. የተቆጠሩት እነማን ናቸው? የእኔ ሰው ከእነሱ ውስጥ አለች?
3. አሁን ምን ማድረግ ትችላለች?

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል። ያን ቀን እህቴን ማስፈራራቴን ትቼ «ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ቤት ሂጂ» ማለት ነበረብኝ። ይህን ያለቻት አዋላጅዋ ነበረች።

እህቴ በሰላም ተገላገለች። ልጅቷ አሁን ስልኬን እየነጠቀች ታስቸግረኛለች። እኔ ግን «እጥፍ» የሚል ቃል ባነበብኩ ቁጥር የእህቴ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል።

መልካም የጥናት ጊዜ!