ሎሚን በደጋ ጓሮ ከውርጭ ስለ መጠበቅ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል፣ በፎገራ ሜዳ ያለችው ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው 100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ መካከል ከ5 ዲግሪ የማያንስ ልዩነት ይኖራል። ስለዚህ ከታች የመጣ የሎሚ ችግኝ በደጋው ጓሮ በመጀመሪያው ኅዳር ተቃጥሎ ቢገኝ አያስደንቅም። በተለይ ሽፋኑ ስስ የሆነው የአገራችን ትንሹ ሎሚ ከብርቱካን ይልቅ ውርጭ ይፈራል።

ውርጭ የሚወርደው ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በጎድጓዳ ስፍራ ይተኛል። በጓሮው ግርጌ ጥቅጥቅ ያለ አጥር ወይም የድንጋይ ካብ ካለ ደግሞ ቅዝቃዜውን እንደ ግድብ ያቁረዋል። የልማት ሠራተኛው ስለ ፍግ ከመናገሩ በፊት ከባለቤቱ ጋር ጓሮውን በማለዳ ዞሮ አመዳዩ የት እንደሚበረታ ሊያይ ይገባል። እዚያ ሎሚ አይተከልም፤ ጎመን ይበቃዋል። በነዚህ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ተስማሚው ቦታ ከቤቱ በስተ ደቡብ፣ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ነው። ቀን የሞቀው ግድግዳ ሌሊት ሙቀቱን ይለቃል።

ችግኙ በሰኔ ይተከል። ከነሐሴ በኋላ ፍግ ወይም ዩሪያ መጨመር ለውርጭ የሚጋለጥ ለጋ ቀንበጥ ስለሚያበዛ አይመከርም። በውርጭ ወራት ከሥሩ የተነጠፈው ገለባ ተነሥቶ አፈሩ በጠዋት ውሃ ይጠጣ፤ እርጥብና ገላጣ አፈር ሙቀት ይይዛል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አራት ካስማ ተተክሎ፣ ጆንያው ቅጠሉን ሳይነካ እስከ መሬት ይውረድ፤ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይልበስ፣ ጠዋት ይገለጥ። ኩበት ማጨስ የተለመደ ቢሆንም ጢሱ ብቻውን ሙቀት አይዝም።

ቅጠሉ ጠቁሮ የረገፈ ዛፍ ወዲያው አይቆረጥ። ብዙ ሰው የሚተርፈውን ዛፍ የሚያጣው በዚህ ችኮላ ነው። እስከ ሚያዝያ ድረስ ታግሶ፣ አዲስ ቀንበጥ ካወጣበት በላይ ያለውን ደረቅ ክፍል ብቻ መግረዝ ይበቃል። ከዘር የበቀለ ሎሚ ከግንዱ ግርጌ ቢያቆጠቁጥም ያው ሎሚ ነው። የተዳቀለ ከሆነ ግን ከተዳቀለበት በታች የሚወጣው ቀንበጥ የሥረ ግንዱ፣ ብዙ ጊዜ የመራራ ብርቱካን ስለሆነ ተነቅሎ ይጣላል። ማኅበራት ችግኝ ሲያከፋፍሉ ከዘር የበቀለ ወይም የተዳቀለ መሆኑን ለእያንዳንዱ ተረካቢ መንገር አለባቸው።