መዥገር ከነከሰኝ ወዲህ ሥጋ አልስማማ አለኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ባለፈው ሰመር የጓሮውን ሣር ሳጭድ ውዬ ማታ ጭኔ ላይ መዥገር ተጣብቆ አገኘሁና በክብሪት እሳት አስለቀቅሁት። ከወር በኋላ ጀምሮ ግን ለራት ጥብስ ወይም ክትፎ ከበላሁ፣ ሌሊት ገላዬ በሽፍታ ተሸፍኖ እያሳከከኝ እነቃለሁ። ዶሮ ምንም አያደርገኝም። ይገናኙ ይሆን?

መልስ፦ አጥብቄ እጠረጥራለሁ። እናንተ አካባቢ ሎን ስታር የሚባል መዥገር ይበዛል፤ ሴቷ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ አላት። ምራቁ ውስጥ አልፋ ጋል የተባለ የስኳር ዓይነት አለ። ይኸው ስኳር በበሬ፣ በበግ፣ በፍየልና በአሳማ ሥጋም ይገኛል፤ በዶሮና በዓሣ የለም። ሰውነት በንክሻው ሰበብ አንዴ ከተቆጣበት፣ በሥጋ ሲመጣበትም ይቆጣል። ብዙው የምግብ አለርጂ ወዲያው ሲነሣ ይኼኛው ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይዘገያል፤ ራቱን የሚጠረጥር ሰው የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ሐኪሞች ራሳቸው የደረሱበት ሴቱክሲማብ የተባለው የካንሰር መድኃኒት በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ ሕሙማንን ክፉኛ ሲያስቆጣ ነው፤ መድኃኒቱ አልፋ ጋል ነበረበት።

ሐኪምዎን የአልፋ ጋል የደም ምርመራ ይጠይቁ። እስከዚያው ቀይ ሥጋ ይተዉ። አንዳንዱን ቅቤም ያስቆጣዋልና የዶሮ ወጡን ንጥር ቅቤ ልብ ይበሉ። ጉሮሮዎ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ራስዎን ሊስቱ ከደረሱ ሳይውሉ ሳያድሩ 911 ይደውሉ። ዳግም ካልተነከሱ አለርጂው ከዓመታት በኋላ ሊቀንስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ክብሪቱስ ጥፋት ነበር?

መልስ፦ አዎ፤ ቅቤና ጋዝ መቀባትም እንዲሁ። መዥገር ወደ ኋላ የዞሩ እሾሆች ባሉት አፉ ቆዳ ውስጥ ይተከላል፤ ብዙዎቹ ምራቃቸው እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ሲቃጠል ምራቁን ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል። በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዘው ሳይጠመዝዙ ቀስ ብለው ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፤ ቀኑን ይጻፉ።

ቀኑ የሚያስፈልገው ላይም ለሚባለው መዥገር ወለድ በሽታ ነው። የሚያስተላልፈው ሌላ መዥገር ሲሆን፣ ገና ያላደገው ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አብዛኛውን ጊዜ ጀርሙን ለማስተላለፍ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት፤ ስለዚህ ማታ ማታ ብብትን፣ ከጉልበት በስተኋላና የልጆችን ራስ መፈተሽ በእውነት ያድናል። በአብዛኛው ሕመምተኛ ላይ ከ3 እስከ 30 ቀን ውስጥ እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ ይወጣል። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ የበለዘ ቦታ ይመስላል። ሐኪሙ ካላስተዋለው እርስዎው መዥገር እንደነከሰዎት ይንገሩት፤ በጊዜ ከተደረሰበት በዶክሲሳይክሊን ይድናል።