ርቀት ወይስ አለመታወቅ? በአሰላና በአርሲ ደጋ የተመራቂዎች የመጀመሪያ ሥራ ፍለጋ

መግቢያ

በአሰላ ተመርቆ በአዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ወጣት፣ አንድ ጊዜ ማመልከቻ ለማስገባት፣ አንድ ጊዜ ለጽሑፍ ፈተና፣ አንድ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ቢመላለስ፣ ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ብቻ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። አሰላ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና። ከበቆጂ ወይም ከመራሮ ለሚነሣው መንገዱ ከዚህም ይረዝማል። ከገበሬ ቤተሰብ ለወጣ ተመራቂ የጉዞው ገንዘብ ለማዳበሪያ ወይም ለታናናሾች ትምህርት ሊውል ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ የፍለጋው ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚለው ጥያቄ የመላው ቤተሰብ ጥያቄ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ታትመው የወጡ ጥናቶችንና በሥራ ላይ ያሉ ሕጎችን ከአካባቢው ሁኔታ ጋር አነጻጽሮ በማንበብ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ተመራቂውን ከሥራ የሚለየው ዋናው እንቅፋት ርቀት ነው ወይስ አለመታወቅ? የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ርቀቱ እውነተኛ ሸክም ቢሆንም ዘላቂውን ልዩነት የሚፈጥረው ቀጣሪው የተመራቂውን ችሎታ ማየት አለመቻሉ ነው የሚል ነው። ከዚህ የሚከተለውም ተግባራዊ ምክር ከተለመደው ይለያል።

የችግሩ ዳራ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች የአዲስ አበባና የዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል፤ የአርሲ ዩኒቨርሲቲም ከዚሁ መስፋፋት የተወለደ ነው። ዲግሪ ብርቅ በነበረበት ዘመን ዲግሪው ራሱ ስለ ባለቤቱ ይናገር ነበር። ዲግሪ ያላቸው ሲበዙ ግን ቀጣሪው ተመሳሳይ ወረቀት የያዙ መቶ ሰዎችን የሚለይበት ምልክት ያጣል።

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ይህን ክፍተት በከፊል ለመሙላት የመጣ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ተፈታኞች ደግሞ 17 በመቶ ያህሉ ብቻ አልፈዋል። ፈተናው ዝቅተኛውን መስፈርት ያረጋግጣል፤ ነገር ግን ያለፈው ሁሉ ዲግሪ ይዞ ስለሚቀርብ፣ ካለፉት መካከል ማን ምን መሥራት እንደሚችል ለመለየት ብቻውን አይበቃም።

የቆይታው ርዝመትም ሊዘነጋ አይገባም። ፒተር ሰርኔልስ እ.ኤ.አ. የ1994ን የከተማ ቤተሰቦች መረጃ ተጠቅሞ ባሳተመው ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከተሞች የወጣት ወንዶች ሥራ አጥነት በአማካይ ወደ አራት ዓመት እንደሚጠጋና በተለይ የመጀመሪያ ሥራ በሚፈልጉ፣ በአንጻራዊነት የተማሩ ወጣቶች ላይ እንደሚበረታ አሳይቷል። ብዙዎቹ ይጠብቁ የነበረው የመንግሥት ሥራ ነበር። መረጃው የቆየ ቢሆንም፣ የመጠበቅ ልማዱ ለዛሬው ተመራቂ እንግዳ አይደለም።

የአዲስ አበባው ሙከራ ምን ያስተምራል?

ለተነሣው ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሚሰጠው፣ ግሩም አበበና አምስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአዲስ አበባ ያካሄዱትና በ2021 በሪቪው ኦፍ ኢኮኖሚክ ስተዲስ መጽሔት የታተመው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። ለአንዱ ቡድን ወደ ከተማው መሐል የሚመላለስበት የትራንስፖርት ድጎማ ተሰጠው። ሌላው ቡድን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ትብብር በተዘጋጀ ዐውደ ጥናት የማመልከቻ አጻጻፍና የቃለ መጠይቅ ዝግጅት ተማረ፤ ችሎታውም ተፈትኖ ውጤቱን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። ሦስተኛው ቡድን ማነጻጸሪያ ሆነ።

በአጭር ጊዜ ሁለቱም ድጋፎች መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድልን አሻሻሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የትራንስፖርት ድጎማው ውጤት ደብዝዞ ሲገኝ፣ በዐውደ ጥናቱ የተሳተፉት በገቢ፣ በሥራ እርካታና በአንድ ሥራ በመቆየት ልቀው ተገኙ። ይበልጥ የተጠቀሙትም በሥራ ገበያው የባሰ ዕጣ የሚጠብቃቸው ወጣቶች ነበሩ። ትርጓሜው ግልጽ ነው፦ ወጣቶቹ ችሎታ ነበራቸው፤ የጎደለው ችሎታቸውን ለማያውቃቸው ሰው የሚያሳይ ማስረጃ ነበር።

ጥናቱ በአንድ ከተማ ውስጥ ያለን ርቀት የለካ በመሆኑ፣ ለአሰላ ሲጠቀስ ጥንቃቄ ይሻል፤ 175 ኪሎ ሜትር የከተማ አውቶቡስ ጉዞ አይደለም። ይሁን እንጂ የርቀቱ መጨመር መከራከሪያውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጉዞው ውድ በሆነ መጠን፣ ምንም የሚያሳይ ነገር ሳይዙ መሄድ ይበልጥ ያከስራል።

የቅርብ ዘመድና የሩቅ ትውውቅ

በአገራችን «ሰው አለህ?» የሚለው ጥያቄ በሥራ ፍለጋ ላይ ያለውን ክብደት ማንም አይክድም። በአብዛኛው የሚታሰበው የቅርብ ዘመድ ነው። ሶሲዮሎጂስቱ ማርክ ግራኖቬተር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ግን፣ በትውውቅ ሥራ ካገኙት ባለሙያዎች መካከል አገናኛቸውን ዘወትር ያገኙት የነበሩት 17 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ የሚበዙት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም እምብዛም ከማያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ የቅርብ ሰው የሚያውቀው እኛ የምናውቀውን መሆኑ ነው፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሌላ ክበብ ነው።

ለተመራቂው የሩቅ ትውውቅ የሚባሉት የመመረቂያ ጽሑፉን ሲሠራ መረጃ የሰጡት ባለሙያ፣ በተግባር ልምምድ ወቅት የተቆጣጠሩት ኃላፊ፣ ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተመረቀው ተማሪ ናቸው። ከእነዚህ ሰዎች የሚጠየቀው «አስቀጥሩኝ» የሚል ውለታ ሳይሆን «በእናንተ ዘርፍ ምን ዓይነት ሥራ ይጎድላል? ምን ብማር ይጠቅመኛል?» የሚል መረጃ ነው። መረጃ ማካፈል ማንንም አያስጨንቅም፤ ተመራቂውም ለአድልዎ ሳይዳረግ ይታወቃል።

የአርሲ ደጋ ልዩ መልክ

አርሲ የስንዴና የቢራ ገብስ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት (ካዱ) በአካባቢው ምርምርን፣ የተሻሻለ ዘርንና የእርሻ ኤክስቴንሽንን አስተሳሰረ። በአሰላ አጠገብ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል መነሻው ከዚያ ዘመን ሲሆን፣ የአሰላ ብቅል ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ1984 ሥራ ጀመረ። በቅርብ ዓመታት በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ሌሎች የብቅል ፋብሪካዎች መከፈታቸው ለአርሲ ገብስ ያለውን ፍላጎት አስፍቶታል።

ይህ ሰንሰለት ከዘር ብዜት እስከ ቢራ ፋብሪካ ድረስ ብዙ ሙያ ይፈልጋል። የቢራ ገብስ በፕሮቲኑ መጠን፣ በእርጥበቱና በብቅለቱ ይመዘናል፤ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ከ9 እስከ 12 በመቶ እንዲሆን፣ ብቅለቱም ከ95 በመቶ እንዳያንስ ይፈለጋል። የዕፅዋት ሳይንስ ወይም የኬሚስትሪ ተመራቂ ይህን ሥራ ያለ ውድ መሣሪያ ማሳየት ይችላል። መቶ መቶ ፍሬ አራት ጊዜ ቆጥሮ፣ በእርጥብ ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ በሰባተኛው ቀን የበቀለውን ቆጥሮ ይመዘግባል፤ አዲስ የታጨደ ገብስ ለጊዜው እንቅልፍ ላይ ሊሆን እንደሚችልም ያስተውላል። ለአንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ይህን በአንድ የምርት ወቅት ሠርቶ፣ መዝገቡንና ማኅበሩ የሰጠውን ደብዳቤ ይዞ የሚቀርብ ተመራቂ፣ «ሥራ ወዳድና ታታሪ ነኝ» ብሎ ከሚጽፈው ይልቅ ይታመናል።

በሌሎች ሙያዎችም መንገዱ ያው ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሒሳባቸው መመርመር አለበት፤ የሒሳብ አያያዝ ተመራቂ የተዝረከረከ የገቢና ወጪ ደረሰኝ ወደ ተስተካከለ መዝገብ መልሶ ሊያሳይ ይችላል። ይህ ማለት ሥራ ሁሉ በነጻ ይሠራ ማለት አይደለም። ሥራው አጭር፣ ወሰኑ አስቀድሞ የተነገረ፣ መጨረሻው በጽሑፍ የተረጋገጠ ይሁን።

ይሉኝታ የሚደብቀው ልምድ

አንትሮፖሎጂስቱ ዳንኤል ሜንስ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የጅማ ወጣቶች ዝቅ ያለ ሥራ ከመሥራት የሚታቀቡበት አንዱ ምክንያት ይሉኝታ መሆኑን ገልጿል። በአርሲም ወደ ወላጆቹ ቤት የተመለሰ ተመራቂ በኅዳርና በታኅሣሥ የኮምባይነር ኪራይ ሲያዋውል፣ ምርት ሲያስመዝን፣ ከነጋዴ ጋር ሲደራደር ይከርማል፤ የሥራ ልምዱን ሲጽፍ ግን ያንን ዘመን ባዶ ይተወዋል። ሰው ምን ይለኛል ብሎ የደበቀው ነገር፣ ቀጣሪው ሊያየው የሚገባው ማስረጃ ነበር። ስንት ኩንታል እንደተመዘነ፣ ከስንት አርሶ አደሮች ጋር ውል እንደተደረገ በቁጥር ቢጻፍ፣ ለገብስ ግዥ ወይም ለኤክስቴንሽን ሥራ ተገቢ ልምድ ነው። እዚህ ላይ ተመራቂውን የማይታወቅ ያደረገው ራሱ ነው።

ሊታወቁ የሚገባቸው የሕግና የአሠራር ጉዳዮች

ፍለጋው በዝግጅት ማነስ እንዳይሰናከል የሚከተሉት ሊታወቁ ይገባል።

ሀ) የወጪ መጋራት። በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ተመራቂው የትምህርቱን ወጪ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ በመክፈል ይመልሳል። በተለመደው አሠራር ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው ክፍያው ሲጠናቀቅ በመሆኑ፣ ጊዜያዊው ማስረጃ በጥንቃቄ ይያዝ፤ ቅጂዎቹም አስቀድመው ይረጋገጡ።

ለ) ዋስ። ገንዘብና ንብረት የሚያስረክቡ ቀጣሪዎች ደመወዝተኛ ዋስ ይጠይቃሉ። ከገጠር ለመጣ ተመራቂ ይህ ከፈተናው የከበደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዋስ የሚሆነውን ሰው ከመጠራት በፊት ማነጋገር ይገባል።

ሐ) ደላላ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ መሆኑን ይደነግጋል። ቅድሚያ ክፈል የሚል አገናኝ ስለዚህ ሊታለፍ ይገባዋል።

መ) የሙከራ ጊዜና ውል። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም፤ በጽሑፍም መደረግ አለበት። ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ የማግኘት መብት አለው። አጭር ሥራም ቢሆን ይህን ወረቀት ሳይቀበሉ መልቀቅ፣ የተገኘውን ልምድ መልሶ እንደ መቅበር ነው።

ሠ) ቋንቋ። በኦሮሚያ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ ብዙ የግል ድርጅቶችና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ደግሞ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። የሥራ ልምድ መግለጫውን በየቋንቋው ማዘጋጀት ዕድልን ያሰፋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተነሣው ሐሳብ ወደ አንድ ቅደም ተከተል ይመራል። የመጀመሪያው ገንዘብና ጊዜ ችሎታን የሚያሳይ ማስረጃ ለማዘጋጀት ይዋል፤ ሁለተኛው በየዘርፉ ካሉ የሩቅ ትውውቆች መረጃ ለመጠየቅ፤ ጉዞው ከሁለቱ በኋላ፣ ተመርጦና ማስረጃ ተይዞ ይሁን።

ሸክሙ ግን በተመራቂው ላይ ብቻ ሊጫን አይገባም። የአዲስ አበባው ሙከራ ያሳየው ነገር ለዩኒቨርሲቲዎችም ትምህርት አለው፦ ችሎታን ፈትኖ ማስመስከር አንድ ትምህርት ክፍል በምረቃ ዓመት ሊያከናውነው የሚችል ሥራ ነው። የተግባር ልምምድ ሪፖርት ከመደርደሪያ ወጥቶ ተማሪው የሠራውን በዝርዝር የሚገልጽ የአንድ ገጽ ማስረጃ ቢሆን፣ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአሰላን መንገድ ማሳጠር የትምህርት ክፍል ሥልጣን አይደለም፤ ተመራቂው በመንገዱ ማዶ ላለው ቀጣሪ እንዲታወቅ ማድረግ ግን ይቻለዋል።