አባባ ተስፋዬና ያልረሳነው የልጆች ሰዓት

ተረት የሚነገረው በምድጃ ዳር ብቻ አይደለም። በቴሌቪዥንም ይነገራል። ቴሌቪዥን ከሩቅ ቦታ የተላከን ድምፅና ሥዕል ተቀብሎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ዛሬ በብዙ የገጠር ቀበሌዎችም ይታያል። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ላይ የሚታየው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ብቻ ነበር። ሥዕሉም ጥቁርና ነጭ ነበር። በቀለም መታየት የጀመረው በ1977 ዓ.ም. ገደማ ነው።

በዚያ ሥርጭት ውስጥ አንድ የልጆች ዝግጅት ነበር። ያኔ ልጆች የነበርን ሰዎች ዛሬ ፀጉራችን ሸብቷል። ዝግጅቱን ግን አልረሳነውም። አቅራቢው አባባ ተስፋዬ ነበሩ። በዚህ ትምህርት ስለ እሳቸውና ስለ ዝግጅታቸው እናነባለን። ሰው በልጅነቱ የሰማውን ነገር ለምን እስከ ሽምግልና ይዞት እንደሚኖርም እንመለከታለን።

አባባ ተስፋዬ ማን ነበሩ?

ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ ነው። የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. በባሌ ነው። ግራ እጃቸውን በአደጋ አጥተው ነበር። ይህ ግን ከሥራ አላገዳቸውም። በአንድ እጃቸው የሠሩትን ሥራ ብዙ ሰው በሁለት እጁ አልሠራውም።

ወደ ቴአትር የገቡት በወጣትነታቸው ነው። በዚያን ጊዜ ሴቶች መድረክ ላይ አይወጡም ነበር። ታዲያ በጨዋታው ውስጥ ሴት ስትኖር ማን ይጫወታት? አባባ ተስፋዬ እንደ ሴት ለብሰው ይጫወቱ ነበር። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ወታደሮች ወደ ኮሪያ ሲዘምቱ እሳቸውም ሄደዋል። ሥራቸው ወታደሩን ማዝናናት ነበር። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤትም ተዋናይ ሆነው ሠርተዋል። ምትሐትም ያሳዩ ነበር። ምትሐት ማለት ዓይንን የሚያታልል የእጅ ጨዋታ ነው።

ቴሌቪዥን ሲጀመር የልጆችን ዝግጅት ያዙ። ለ42 ዓመታት ያህልም አቀረቡ። ይህ ቀላል ዘመን አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ልጅ ሆኖ ያያቸው ሰው በ1985 ዓ.ም. ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ እንደገና አይቷቸዋል። አባትና ልጅ በአንድ ሰው ተረት አደጉ ማለት ነው።

«አባባ» ልጅ አባቱን ወይም አያቱን የሚጠራበት ስም ነው። እሳቸውን ግን አገሩ በሙሉ በዚህ ስም ጠራቸው። በ94 ዓመታቸው፣ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘኑት ልጆች ብቻ አልነበሩም። የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌዎችም አዝነዋል።

የልጆች ሰዓት እንዴት ያልፍ ነበር?

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበር። በአንድ ሰፈር አንድ ሁለት ቤት ቢገኝ ነው። ስለዚህ የልጆች ሰዓት ሲደርስ ባለ ቴሌቪዥኑ ቤት እንሰበሰባለን። እግራችንን ታጥበን፣ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ መሬት ላይ ጥግግት ብለን እንቀመጣለን። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ይጠብቀናል። የቤቱ እመቤት ዳንቴሉን ስታነሣ ሁላችንም ጸጥ እንላለን።

አንዳንድ ጊዜ ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ አንዱ ጎረምሳ ጣራ ላይ ይወጣና አንቴናውን ያዞራል። አንቴና ከአየር ላይ ሥርጭቱን የሚቀበል ዘንግ ነው። ልጁ ከላይ ሆኖ «አሁንስ?» ይላል። እኛም ከታች «ትንሽ ጨምር! አለፈ! መልሰው! በቃ፣ በቃ!» እያልን እንጮሃለን።

ከዚያ አባባ ተስፋዬ ይመጣሉ። ልጆችን ሰላም ይላሉ። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ይጠሩናል። እኛም ቴሌቪዥኑ የሚሰማን ይመስል ሰላምታውን እንመልሳለን። ትልልቆቹ ይስቁብናል። እኛ ግን የጠሩን እኛን መሆኑን አንጠራጠርም ነበር።

ቀጥሎ ተረት ይመጣል። ተረቱ ስለ ጅብ፣ ስለ ጦጣ፣ ስለ አንበሳና ስለ ቀበሮ ነው። ጅቡ ሲናገር ድምፃቸው ይወፍራል። ጦጣዋ ስትናገር ይቀጥናል። ዓይናቸው፣ ቅንድባቸው፣ ያለችው አንዷ እጃቸው ሁሉ ያወራሉ። በፊታቸው የተቀመጡ ልጆችም ነበሩ። ልጆቹ ተራ በተራ ተነሥተው ስማቸውን ይናገራሉ። የሚያውቁትንም ተረት ያወራሉ። በመጨረሻ ከተረቱ ምን እንደተማሩ ይጠየቃሉ።

ለምን አልረሳነውም?

የሰማናቸውን ተረቶች በሙሉ እናስታውሳለን ብንል ዋሸን። ብዙዎቹ ተረስተዋል። አንዱ ከሌላው የተደባለቀብንም አለ። ያልጠፋው የአነጋገራቸው ለዛ ነው። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛ፣ የሚናገሩት ልጅ በሚገባው የቤት ቋንቋ ነበር። እንደ አያት እንጂ እንደ አዋጅ ነጋሪ አይናገሩም። ስለዚህ ባይተዋርነት አልተሰማንም።

ሁለተኛ፣ ነግረው ዝም አይሉም ነበር። ይጠይቃሉ። የተጠየቀ ልጅ ያስባል። ያሰበውን ነገር ደግሞ ቶሎ አይረሳም። እኛም የቤታችን ልጆች መልስ እናዘጋጅ ነበር። መልሳችን ቴሌቪዥኑ ዘንድ ባይደርስም ጭንቅላታችን ውስጥ ቀርቷል።

ሦስተኛ፣ ብቻችንን አላየነውም። ዝግጅቱ ሲያልቅ ደጅ ወጥተን እንከራከር ነበር። አንዱ «ጅቡ የተታለለው ሆዳም ስለሆነ ነው» ይላል። ሌላው «አይደለም፣ ጦጣዋ ስለዋሸችው ነው» ይላል። ዛሬ ስለዚያ ሰዓት ስናወራ አጠገባችን የነበረውን ልጅ እናነሣለን። በሩን የከፈተችልንን ጎረቤት እናመሰግናለን። ቴሌቪዥኑ ተሰብሮ ተጥሏል። አብሮ መቀመጡ ግን በልባችን አለ።

ገጠር ያደጋችሁስ?

አንባቢያን ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ይህን ዝግጅት አላያችሁት ይሆናል። ታዲያ ከተረቱ ጎደላችሁ ማለት ነው? አይደለም። የጅቡና የጦጣው ተረት መጀመሪያ የበቀለው ገጠር ነው። ማታ ከብት ገብቶ፣ እሳት ተቀጣጥሎ፣ አያት «ተረት ተረት» ስትል ልጆች «የላም በረት» ይሏታል። «እንቆቅልህ» ስትል «ምን አውቅልህ» ይሏታል። እሷም ትነግራለች፣ ትጠይቃለች፣ ትመክራለች። አባባ ተስፋዬ የምድጃውን ጨዋታ ወስደው ከተማ ውስጥ ምድጃ ለሌለው ልጅ ሰጡት። እኛ በሳጥን ያገኘነውን እናንተ ከሰው አፍ አገኛችሁት።

አሁን ግን አንድ የሚያሳስብ ነገር አለ። ተረት የሚያውቁ ሽማግሌዎች ያልፋሉ። ሽማግሌው ሳይነግር ካለፈ ተረቱም አብሮት ይቀበራል። በሌላ በኩል ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ በየቤቱ ገብተዋል። መግባታቸው አይከፋም። ብዙ ትምህርት ይገኝባቸዋል። ሆኖም መሣሪያ ያወራል እንጂ ልጁን ዓይን ዓይኑን አያየውም። ልጁ ቢያዝን አያውቅለትም። ቢሳሳት አያርመውም። ልጅ ቀኑን ሙሉ እያየ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ፣ ሲያድግ ምን ያስታውሳል?

ምን ማድረግ እንችላለን?

ገንዘብ አያስፈልገንም። ትንሽ ጊዜ ይበቃናል።

መጀመሪያ፣ ከእራት በኋላ አንድ ተረት እንንገር። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ጥሩ ነው። «ድምፄ አያምርም፣ መናገር አልችልም» አንበል። ልጅ የሚወደው የእናቱንና የአባቱን ድምፅ ነው።

ሁለተኛ፣ መሐል ላይ ቆም ብለን እንጠይቅ። ለምሳሌ የጅብና የአህያ ተረት ስናወራ ጅቡ በር ላይ ሲደርስ እናቁመው። «አህያዋ አሁን ምን ታድርግ?» እንበል። ልጆቹ የየራሳቸውን መልስ ይስጡ። የተሳሳተ መልስ ቢመጣም አንቆጣ። «ለምን እንዲህ አልክ?» ብለን እንጠይቀው።

ሦስተኛ፣ ልጆች በቴሌቪዥን ያዩትን ነገር መልሰው ይንገሩን። አጠገባቸው ተቀምጠን ብናይላቸው ደግሞ የተሻለ ነው።

አራተኛ፣ ተረቶቻችንን እንጻፍ። ቀድሞ «ፊደል አላውቅም» እንል ነበር። አሁን ግን ፊደል ቆጥረናል። አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይበቃል። ተረቱን ነጋሪው እንደተናገረው እንጻፈው። ከታች የነጋሪውን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን እናስፍር። አባባ ተስፋዬም በቴሌቪዥን መናገር ብቻ አልበቃቸውም። የልጆች ተረት መጻሕፍት ጽፈዋል። ስለዚህ ድምፃቸው ከጠፋ በኋላም ልጆች ያነቧቸዋል።

አንድ ቀን የእኛም ልጆች ያድጋሉ። ተሰብስበው ስለ ልጅነታቸው ያወራሉ። በዚያን ጊዜ «እናታችን እንዲህ ብላ ነበር፣ አባታችን እንዲህ ብሎ ጠይቆን ነበር» እንዲሉ ዛሬ ማታ እንጀምር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው መቼ ነው?
2. አባባ ተስፋዬ የልጆችን ዝግጅት ለስንት ዓመት ያህል አቀረቡ?
3. የልጆች ሰዓት ያልተረሳበትን ሦስት ምክንያቶች ተናገሩ።
4. በልጅነታችሁ ተረት የነገራችሁ ማን ነው? ከሰማችሁት ውስጥ አሁን የምታስታውሱት የትኛውን ነው?
5. በቀበሌያችሁ ተረት የሚያውቁ ሽማግሌና አሮጊት እነማን ናቸው? ወደ አንዳቸው ሄዳችሁ አንድ ተረት ጠይቁ። በደብተራችሁ ጽፋችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።