የሐሩር ክልል ሺ እግሮችን ዝርያ በአካል ቅርጽ መለየት፦ የኡድዙንግዋ ተራሮች ማሳያ

መግቢያ

ሺ እግሮች ከ11 ሺህ በላይ የተመዘገቡ ዝርያዎች ያሉት የዲፕሎፖዳ መደብ አባላት ናቸው። የረገፈ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት እየተመገቡ አፈርን ያዳብራሉ። በሐሩር ክልል ከሚገኙት ዝርያዎች ብዙዎቹ የሚታወቁት ከአንድ ተራራ ወይም ከአንድ ደን ብቻ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ዝርያዎች በአንድ ስም ከተመዘገቡ ጠባብ ስርጭት ያለው ዝርያ ሰፊ ስርጭት ያለው ይመስላል፤ ደኑ ሲመነጠርም ዝርያው ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ጽሑፍ የትኛው የአካል ክፍል ለየትኛው የመለያ ደረጃ እንደሚያገለግል ያብራራል።

ክፍለ መደብንና አስተኔን መለየት

የሺ እግር የመጀመሪያው ቀለበት እግር የለውም፤ ቀጣዮቹ ሦስት ቀለበቶች አንድ አንድ ጥንድ፣ ከቀሩት አብዛኞቹ ደግሞ ሁለት ሁለት ጥንድ እግሮች አሏቸው። መቶ እግር በእያንዳንዱ ክፍለ አካሉ አንድ ጥንድ ብቻ ስላለው በዚህ ይለያል።

የፖሊዴስሚዳ አባላት ዓይን የላቸውም፤ ቀለበቶቻቸው አብዛኛውን ጊዜ 20 ያህል ሲሆኑ ብዙዎቹ በጎንና በጎን የወጣ ክንፍ መሰል ጠርዝ አላቸው። ስፒሮቦሊዳና ስፒሮስትሬፕቲዳ ሁለቱም ድቡልቡል አካል አላቸው። የስፒሮቦሊዳ መለያ በግንባር መካከል ወደ ታች የሚወርድ ጎላ ያለ ስፌት ነው። ከስፒሮስትሬፕቲዳ ውስጥ ኦዶንቶፒጊዴ የተባለው አስተኔ በፊንጢጣ ሽፋኖቹ ላይ ባለው እሾህ ይታወቃል።

አሳሳች ምልክቶች

ቀለም በአልኮል ውስጥ ይደበዝዛል። መጠንም ከዕድሜና ከጾታ ጋር ይለያያል። ድቡልቡል አካል ያላቸው ሺ እግሮች ቆዳቸውን በቀየሩ ቁጥር ቀለበት ስለሚጨምሩ፣ የአንድ ዝርያ አባላት እንኳ የተለያየ የቀለበትና የእግር ብዛት ይኖራቸዋል።

ወሳኙ ምልክት

በእነዚህ ሦስት ክፍላተ መደብ የአዋቂ ወንድ የሰባተኛው ቀለበት እግሮች በከፊል ወይም በሙሉ ጎኖፖድ ወደሚባል የዘር ማስተላለፊያ አካል ተለውጠዋል። በስፒሮስትሬፕቲዳ ሥራውን የሚያከናውነው የፊተኛው ጥንድ ነው። የጎኖፖዱ ግርጌ እንደ ሰገባ ሆኖ በውስጡ የሚያልፈውን ቀጭን ቅርንጫፍ ይይዛል፤ የዘር ፈሳሹ ቦይ የሚገኘውም በዚህ ቅርንጫፍ ላይ ነው። የቅርንጫፉ ጥምዝ፣ የጫፉ ክፍፍልና በላዩ ያሉት እሾሆች ከዝርያ ዝርያ ይለያያሉ።

የኡድዙንግዋ ማሳያ

በታንዛኒያ በኡድዙንግዋ ተራሮች የሚገኘው፣ የኦዶንቶፒጊዴ አባል የሆነው የቻሌፖንከስ ወገን ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዴንማርካዊው ተመራማሪ ሄንሪክ ኤንጎፍ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከእነዚህ ተራሮች ውጪ የማይታወቅ አንድ የዝርያዎች ስብስብ ገልጿል። ዝርያዎቹ በውጫዊ መልካቸው የተቀራረቡ በመሆናቸው አንዱን ከሌላው ለመለየት የጎኖፖድ ቅርጽ ዋነኛ መሠረት ሆኗል። በቀለምና በመጠን ብቻ ቢመደቡ ኖሮ ይህ ብዝኃነት ተሸፍኖ በቀረ ነበር።

ማጠቃለያ

ሴትና ያልበሰለ ናሙና ብዙውን ጊዜ እስከ ዝርያ ደረጃ ሊለይ አይችልም። ስለሆነም ሰብሳቢው አዋቂ ወንድ ማግኘቱን ከመስክ ሳይመለስ ማረጋገጥ አለበት። በስፒሮስትሬፕቲዳ ጎኖፖዱ ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ፣ በሰባተኛው ቀለበት ሥር በእግሮች መካከል የሚታየው ክፍተት ወንዱን ይጠቁማል። ናሙናው ቦታና ከፍታ ከተጻፈበት መለያ ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ጎኖፖዱ በጥንቃቄ ወጥቶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል። ስሙ የሚሰጠው ከዚህ ምርመራ በኋላ ነው።